አርባ አንድ ጊዜ መነሣት

ከአሸተን ማርያም በታች፣ መንገዱ የመጨረሻውን ዳገት ከመያዙ በፊት፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሁለት ሰው ያስቀምጣል፤ ሦስተኛ ከመጣ አንዱ መነሣት አለበት። በየዓመቱ በጥር ማርያም እኔና እኅቴ እዚያ ድንጋይ ላይ እንገናኝ ነበር። እሷ ከተራራው ጀርባ፣ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ ትመጣለች፤ እኔ ከታች፣ ከላሊበላ ከተማ እወጣለሁ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትገኘው እሷ ናት።

«ደረስሽ?» ትለኛለች።

«ደረስሁ፣ እታለም።»

«ዘገየሽ። የከተማ እግር!»

ከዚህ በላይ ብዙ አንናገርም። እሷ በጨርቅ የቋጠረችውን በሶ ትሰጠኛለች፤ እኔ ሳሙናና ስኳር፣ አንዳንድ ዓመት ሻሽ እሰጣታለሁ። ታቦቱ ከገባ በኋላ እሷ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች እንሄዳለን። ከተለያየን በኋላ ዞሬ አላይም ነበር። እሷም የምታይ አይመስለኝም።

ቦታውን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ልጆች ሳለን አባታችን ከሁለት ሴት ልጆቹ አንዷን ትምህርት ቤት ሊልክ አሰበ። ትልቋ እሷ ነበረች፤ ነገር ግን ለቤቱ ሥራ ታስፈልግ ነበር። እኔ ገና ለምንም አልጠቅምም ነበርና እኔ ተላክሁ። ከተማ አክስታችን ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ስላልተገኘ ይዛኝ የወረደችው እሷ ናት። መንገዱ በተፈለፈለ አለት መካከል የሚያልፍበት፣ ጨለምለም ያለ ጠባብ ቦታ ስንደርስ አልሄድም ብዬ ቆምሁ። አልተቆጣችኝም። እጄን ያዘችና፣ «ዐይንሽን ጨፍኚው። እዚህ ዐይን አይጠቅምም፤ እግርሽ ይይልሽ» አለችኝ። ጨፈንሁ። ድንጋዩን በእግሬ እየዳሰስሁ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ፣ ትምህርት ቤት እያለሁም፣ በዓል ሲሆን እናቴና እሷ እስከ ድንጋዩ ወርደው ያዩኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ሁለታችን ቀጠልን።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ዝናብ ሳይመጣ ከገመድ ላይ ልብስ ላነሣ ወደ ግቢ ወጣሁ። ጭቃው አንሸራተተኝ። የጭኔ አጥንት ከላይ፣ ከዳሌው አጠገብ ተሰበረ። ደሴ ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ፤ ብረት ገባልኝ። አጥንቱ ያዘ። ያልያዘው ሌላ ነገር ነው። ቆሜ ሳለሁ መሬቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስለኝ ነበር። ከአልጋዬ እስከ በሩ ግድግዳውን እየተደገፍሁ እሄዳለሁ፤ ግድግዳው በሩ ጋ ሲያልቅ እቆማለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጄ አራት እግር ያለው የብረት መደገፊያ አመጣችልኝ። እሱን እየገፋሁ ቤት ውስጥ እዞር ነበር።

ደኅና ሰው ሲራመድ ስለ እግሩ አያስብም። እኔም አላስብም ነበር። ከሥራ በኋላ ደስ ሲለኝ እስከ ነአኩቶ ለአብ ሄጄ፣ ተሳልሜ እመለስ ነበር። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለጠፋ ፋይል ወይም ስለ ምሳ ነው። አሁን ሳስበው የሚናፍቀኝ ይኸው ነው። ሌላ ነገር እያሰቡ መራመድ።

ያን ዓመት ጥር ሲቃረብ መውጣት እንደማልችል ለእኅቴ ላክሁባት። ጆሮዋ ስለከበደ በስልክ አንግባባም። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ለመጣ አንድ የአገሯ ሰው ነገርሁት። ሰውየው ግን ጉዳይ ገጥሞት በብልባላ በኩል ዞሮ ኖሮ ቃሌ የደረሳት ከበዓሉ በኋላ ነው። እሷ እንደ ልማዷ ወርዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ታቦቱ ወጣ፣ ገባ። ሰው ተበተነ። እሷ ተቀምጣለች። በመጨረሻ ወደ ከተማ ለሚመለሱ አንድ ቄስ በሶውን ሰጥታ፣ «ለእኅቴ አድርሱልኝ፣ በሕይወት ካለች» አለቻቸው። ቄሱም ቃሉን ሳይቀንሱ ነገሩኝ።

በሶውን ተቀብዬ ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥሁት። ልብላ ብዬ አንድ ሁለቴ አውጥቼ መልሼዋለሁ።

በሚቀጥለው ጥር ድንጋዩ ላይ መገኘት አለብኝ ብዬ ቆረጥሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ለልጄ ያልኋት፣ «ሆስፒታል ያለችው የእግር ሐኪም ጋ ውሰጅኝ» ብቻ ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ የደሴ ልጅ ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ፈጣን፣ ተናጋሪ ልጅ። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ የብረት መደገፊያዎች፣ አንድ ወንበር፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ አለ። በመጀመሪያው ቀን በብረቶቹ መካከል አቆመችኝ።

«እማማ፣ እግርዎን ግጥም ያድርጉ። አሁን እጅዎን ይልቀቁ።»

«እወድቃለሁ።»

«እዚህ ነኝ። አብሽሩ።»

ለቀቅሁ። ወዲያው ወደ ግራ ሄድሁ፤ በብብቴ ሥር ያዘችኝ።

«ወደቁ?»

«ያዝሽኝ እንጂ ወድቄ ነበር።»

«እሱማ ለዚያ ነው የተቀጠርሁት።»

ሰው የሚቆመው በሦስት ነገር እንደሆነ ነገረችኝ። በዐይኑ፣ በጆሮው ውስጥ ባለ ሚዛን፣ በእግሩ መርገጫ። «እርስዎ ከወደቁ ወዲህ ሁለቱን ትተዋቸዋል። በዐይንዎ ብቻ ነው የሚቆሙት። መሬቱን ያዩታል እንጂ አይረግጡትም» አለችኝ። ከዚያ ጫማዬን አስወለቀችና ስፖንጁ ላይ አወጣችኝ። «አሁን ዐይንዎን ይጨፍኑ።»

ጨፈንሁ። የአለቱ መንገድ ትዝ አለኝ። ስፖንጁን በእግሬ ዳሰስሁ።

በሳምንት ሁለት ቀን እመላለስ ጀመር። ተረከዝን ከጣት ጋር እያገጣጠሙ በመስመር ላይ መሄድ። በአንድ እግር መቆም። ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ መራመድ። ሰፈር ውስጥም ተወራ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በአጥር ላይ፣ «እትዬ፣ ስፖርት ጀመሩ አሉ። ለሩጫ ነው ወይስ ለኳስ?» አለችኝ። «ለኳስ ነው፤ አንቺ በረኛ ትሆኛለሽ» አልኋት።

ቤት የምሠራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እጄን ሳልደገፍ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ማታ አሥር ጊዜ። እሱን ሳልተው እየሠራሁ ሕማማት ገባ።

በሕማማት ሰው ሁሉ በየሰዓቱ ጸሎት ይሰግዳል። እኔ ተንበርክኬ መነሣት አልችልም። ለታመመ ሰው ስግደት ግዴታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የነፍስ አባቴም ነግረውኛል። ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣውን ድምፅ እየሰማሁ እንደ እንግዳ መቀመጥ ከበደኝ። ሰኞ ጠዋት ወንበሬን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ። መቁጠሪያዬን ያዝሁ። አንድ ጊዜ ተነሥቼ ስቀመጥ አንድ እግዚኦ፣ አንድ ፍሬ። መቁጠሪያዬ አርባ አንድ ፍሬ ነው። አሥረኛው ላይ ስደርስ የሐኪሟ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ግን አሥር ላይ ማቆም ከጸሎት መካከል ተነሥቶ እንደ መሄድ ሆነብኝ፤ አርባ አንድ ሞላሁ። በሦስት ሰዓት ደገምሁ። በስድስት ሰዓትም፣ በዘጠኝም፣ በአሥራ አንድም። ማክሰኞም እንደዚያው። እንዲያውም እግሬ የጠነከረ መሰለኝ።

ስቅለት ዕለት ጉልበቴ እንደ ቅል አብጦ አደረ። ከአልጋ መውረድ አቃተኝ።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ ሐኪሟን ቤት ድረስ ለምና አመጣቻት። ጉልበቴን ዳሰሰች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች።

«ስንት ጊዜ ነው የተነሡት?»

«አርባ አንድ።»

«በቀን?»

«በየጸሎቱ። አምስት ጊዜ።»

ጣቷን አጥፋ አሰበችና ዐይኗ ፈጠጠ። «ወላሂ! እኔ አሥር ነው ያልሁት፣ እማማ!»

«እግዚኦ አሥር ላይ አይቆምም።»

ከንፈሯን ነከሰች። «በእኛ በሙስሊሞቹ መቁጠሪያ ቢሆን ሠላሳ ሦስት ነበር፤ ስምንት ይተርፍልዎት ነበር» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከወደቅሁ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ሳቁ ሲያልፍ ወንበሩን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምንድን ነው እንዲህ ያስቸኮለዎት? እንደ እርስዎ ያለ ሰው አሥር ሲሉት ስምንት ነው የሚሠራው።»

ነገርኋት። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጥር ማርያም፣ ባለፈው ጥር እኅቴ እንዴት እንደጠበቀች። ሣጥኑ ውስጥ ስላለው በሶም ነገርኋት። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የበሶውን ነገር አታውቅም ነበርና ወደ ውጭ ወጣች።

«ይህን በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

መቁጠሪያዬን አንሥታ ፍሬዎቹን ቆጠረች። ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዝዛ ከአሥረኛው ፍሬ ቀጥሎ አሰረችው። «እዚህ ሲደርሱ ይቀመጣሉ። የቀረውን ጸሎት ተቀምጠው ይጨርሱት። እግዜር አይቀየምም፤ ጉልበት ግን ይቀየማል።»

ሁለት ወር ወደ ኋላ ተመለስሁ። ሰኔ ላይ እንደገና በብረቶቹ መካከል ቆምሁ። ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ፣ ደጃፋችን ላይ ባለው አንድ የድንጋይ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከረምሁ። መስከረም ላይ ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያ ትቼ በሁለት ዱላ ሄድሁ። ጥቅምት ላይ በአንድ። ኅዳር ላይ ሐኪሟ ከሥራ ስትወጣ ትመጣና ከከተማው በላይ ወዳለው ዳገት ይዛኝ ትወጣለች። ከፊት አትሄድም። ዳገት ላይ ከኋላዬ ነው የምትሄደው። ስንወርድ ግን ከፊቴ ትሆናለች። መውጣት ጉልበት ይፈልጋል፤ መውረድ ሚዛን። ይህን ቀድሞ አላውቅም ነበር፤ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ልጄ፣ «በቅሎ እንከራይ» አለች።

«ዳሌያቸው ኮርቻ ላይ መከፈት አይችልም፤ በቅሎዋ ብትደነግጥ ደግሞ አለቀ» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን ልንገርዎት። እስከ ድንጋዩ አይደርሱም። እስከ መሳለሚያው ግን፣ ጠዋት ከተነሣን፣ እናደርስዎታለን። እኅትዎ ትንሽ ወደ ታች ቢወርዱ ደግሞ እዚያ ትገናኛላችሁ።»

መሳለሚያው አሸተን መጀመሪያ የሚታይበት የተራራው ትከሻ ነው። ወደ ላይ መውጣት ያልቻለ ሰው እዚያ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል። በየዓመቱ ሳልፍ አሮጊቶች ተቀምጠውበት አያለሁ፤ በልቤም፣ «ይህን ያህል መጥተው ትንሽ ቢታገሡ ምን አለ» እል ነበር።

በዚህ ጊዜ ቃሌን ለገበያተኛ አልሰጠሁም። ባለፈው ዓመት በሶውን ያመጡልኝን ቄስ ራሳቸውን ለመንሁ፤ ለጸሎት ወደ ላይ ይወጡ ነበር። መልሱን ይዘው መጡ።

«የእኅትሽ ዐይን እየጠፋ ነው» አሉኝ መጀመሪያ። «ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። 'ወደ መሳለሚያው ውረጂ ብላሻለች' ብላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? 'እኔ ያለ ዐይን እስከ ድንጋዩ እሄዳለሁ፤ እግሬ ያውቀዋል። ከድንጋዩ በታች ያለውን ግን እግሬ ረስቶታል። እዚያው እጠብቃታለሁ በሏት።'»

ያ ከድንጋዩ በታች ያለው መንገድ እኔን ይዛ የወረደችበት ነው።

የጥር ማርያም ዕለት ጎሕ ሲቀድ ተነሣን፤ እኔ፣ ልጄና ሐኪሟ። ሐኪሟ በዓሉ የእሷ ባይሆንም፣ «ሥራዬን ላይ እንጂ» ብላ ነው የመጣችው። በየሃያ እርምጃው እናርፋለን። ነጭ የለበሰ ሰው እያለፈን ይወጣል። «እግዜር ያበርታዎት» ይላሉ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «እማማ፣ ለዘንድሮው ነው ወይስ ለከርሞው በዓል?» ብላኝ አለፈች። «ለከርሞው ነው፤ ቦታ ያዢልኝ» አልኋት። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ መሳለሚያው ደረስን። ጭኖቼ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሐኪሟ ጭኔ ላይ እጇን አሳረፈች። «ከዚህ በላይ ከወጡ መውረድ አይችሉም። ሰው ሊሸከምዎት ነው። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።»

ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ አሮጊቶቹ ከሚቀመጡበት ተርታ ተቀመጥሁ።

ቅርቡን ባላይም ለሩቅ ዐይኔ ደኅና ነው። ድንጋዩ ከዚያ ይታያል። ላዩ ላይ አንድ ነጭ ነገር አለ። «ሰው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሰው ነው። የተቀመጠ ሰው» አለች ሐኪሟ። ልጄ ሮጬ ልውጣና ላምጣቸው አለች። አይሆንም አልኋት። እግሯ የማያውቀውን መንገድ በሰው እጅ ተይዛ እንድትወርድ አልፈልግም ነበር።

ወደ ላይ ለምትወጣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ሳሙናውንና ስኳሩን ሰጥቼ፣ «ድንጋዩ ላይ ለተቀመጡት እናት ስጪልኝ። 'እኅትሽ መሳለሚያው ላይ ናት፤ ከዚያ ታይሻለች' በያቸው። ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው፤ አይሰሙም» አልኋት።

ብዙ ጠበቅን። ከላይ ከበሮው ይሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ነጩ ነገር አጠገብ ሲቆም አየን። ጎንበስ አለ። ነጩ ነገር ተነሣ። ተነሥቶ ቆመ። አልተቀመጠም።

«አስነሡኝ» አልሁ።

ሁለቱም ይዘው አቆሙኝና ለቀቁኝ። ዱላዬን ለልጄ ሰጠሁ። እግሬን ግጥም አደረግሁ፤ መቁጠሪያዬን አወጣሁ። ዐይኔን ጨፈንሁ።

«እማማ፣ እዚህ አይጨፈንም፤ ገደል ነው» አለች ሐኪሟ።

«እሷም አታይም» አልኋት።

የነጠላዬን ጫፍ ከኋላ ስትይዝ ተሰማኝ። እኔን ግን አልነካችኝም። በጫማዬ ሥር ጠጠር ነበር፤ በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ይላል። ነፋሱ ከቀኝ ነው። አንድ ፍሬ፣ አንድ እግዚኦ። ቀዩ ክር ጣቴ ላይ ሲደርስ፣ «አሥር» አለች በዝግታ። አልተቀመጥሁም። እሷም አልደገመችውም። አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሄድሁ፤ እግሬ ራሱ መለሰኝ። አርባ አንድ ሞላ።

ዐይኔን ስገልጥ እኅቴ ገና ቆማ ነበር። እኔ ቀድሜ ተቀመጥሁ።

ከሰዓት በኋላ ያቺ ሴት ከሚመለሱት ጋር ወረደች። በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ሰጠችኝ። «'ታየኛለች?' አሉኝ። 'ታይዎታለች' ስላቸው ብድግ አሉ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉኝ። 'የከተማ እግር ዘንድሮም ዘገየ በያት' ብለውኛል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ደግሞ፣ 'የአምናውን እንዳልበላችው አውቃለሁ፤ ይህን እዚያው ትብላው' ብለዋል።»

ሐኪሟ ከያዘችው ውሃ በክዳን ቀድታ ሰጠችኝ። በሶውን መዳፌ ላይ ለውሼ በላሁት፤ ጨው በዝቶበታል። እናታችንም ጨው ታበዛ ነበር። ለሁለቱም ቆርሼ ሰጠኋቸው።

ስንነሣ ወደ ላይ አየሁ፤ ድንጋዩ ባዶ ነበር። ከዚያ ሐኪሟ ከፊቴ ሆነችና፣ «አሁን ነው ሥራው፣ እማማ። መሬቱን አይዩት፤ ይርገጡት» አለች። ከተማ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

በማግሥቱ ሣጥኑን ከፍቼ የአምናውን አወጣሁት። ነቅዞ ነበር። ለዶሮዎቹ በተንሁት፤ ጨርቁን አጥቤ አሰጣሁ። ሰኞ ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሟ መቁጠሪያዬን ተቀብላ ቀዩን ክር ፈታችና ከአሥራ አምስተኛው ፍሬ ቀጥሎ አሰረችው። ለእኔ ያነሰ መሰለኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ፍሬ ያዝሁ።